ሰንጢና ስንቅ፦ ወደ ሰነቴ አምባ ለሚወጣ ተማሪ

ከጎባ ተነሥቶ በዶሎ መና መንገድ ሽቅብ የሚጓዝ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ከገብስ ማሳ ወደ አስታ ቁጥቋጦ፣ ከአስታውም ጅብራ ብቻዋን ወደምትቆምበት ሰፊ ሜዳ ይሸጋገራል። ይህ ሜዳ የሰነቴ አምባ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከጫፉ ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስሙ ይበልጥ ገንኗል። ለሥነ ሕይወት፣ ለጂኦሎጂና ለጂኦግራፊ ተማሪ ደግሞ ከዚህ የተሻለ የመስክ መማሪያ ማግኘት ይከብዳል። እንግዲህ ወደዚያ የሚወጣ ተማሪ በኪሱና በቦርሳው ምን ይያዝ? ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው መልስ ሰንጢ ነው፤ የሚመረጠውም በሱቅ መስኮት ውስጥ አብልጦ የሚያብረቀርቀው ነው። ነገር ግን ስለት የሚመረጥበት ሳይንስ አለ። ተማሪው ይህን ካወቀ በጥቂት ገንዘብ የሚያገለግል ሰንጢ ይገዛል፤ የተረፈውንም ሕይወት ለሚያድን ዕቃ ያውላል።

ጥያቄው በባሌ ተራሮች አዲስ አይደለም። በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዓለት መጠለያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች በዚህ መጠለያ ይኖሩ ነበር። ያ ዘመን የባሌ ራስጌ በግግር በረዶ የተሸፈነበት ወቅት ነበር። እነዚህ ሰዎች የባሌን ታላቁን ፍልፈል እያደኑ በእሳት ጠብሰው ይበሉ እንደነበር የተቃጠሉት አጥንቶች መስክረዋል። ስለታቸው ባልጩት ነበር። የባልጩቱ ምንጭ ግን ከመኖሪያቸው ሥር አልነበረም፤ ከ4,200 ሜትር በላይ፣ በበረዶው አጠገብ ነበር። ስለዚህ ለጥሩ ስለት ሲሉ ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጡ ነበር ማለት ነው። በአጠገባቸው ሌላ ድንጋይ ሞልቶ ሳለ ያን ያህል መድከማቸው፣ ዕቃ መምረጥ ምን ማለት እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቁ እንደነበር ያሳያል።

ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቀላጭ ዓለት በፍጥነት ቀዝቅዞ የሚፈጠር የተፈጥሮ መስተዋት ነው። አተሞቹ በሥርዓት ለመደርደር ጊዜ ስላላገኙ በውስጡ የክሪስታል ቅንጣት የለም። በመሆኑም ሲፈለጥ ስንጥቁን የሚያጣምም ወሰን ስለማይኖር ጠርዙ እስከ ጥቂት ናኖ ሜትር ድረስ ሊሳሳ ይችላል። የትኛውም የብረት ሰንጢ በዚህ ረገድ አይወዳደረውም። በሀገራችን ደቡብ፣ በኮንሶና በጋሞ፣ የቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በድንጋይ ስለት ይሠሩ እንደነበር ተመራማሪዎች በሰፊው መዝግበዋል። የባልጩት እንከኑ ተሰባሪነቱ ነው። ጎኑን ትንሽ ጫን ቢሉት ይፈረካከሳል፤ አይለመጥም። ወደ ብረት የተሸጋገርነው ከድንጋይ የበለጠ ስለታም ስለሆነ አይደለም፤ ሳይሰበር የሚለመጥ በመሆኑ ነው።

የስለትን ትርጉም በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው። አንድ ሰው በ10 ኒውተን ኃይል፣ ማለትም አንድ ኪሎ ገደማ በሚመዝን ክብደት፣ ሰንጢውን ጫን ቢል፣ የሚነካው የጠርዝ ርዝመትም 1 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የጠርዙ ውፍረት 1 ማይክሮ ሜትር ከሆነ ግፊቱ 1 ቢሊዮን ፓስካል ይሆናል። ጠርዙ ዶልዱሞ 50 ማይክሮ ሜትር ቢደርስ ግን ያው ኃይል የሚፈጥረው 20 ሚሊዮን ፓስካል ብቻ ነው። ያጣውን 50 እጥፍ የሚያካክሰው የሰውዬው ክንድ ነው፤ ክንዱ ሲበረታ ደግሞ ሰንጢው ያዳልጣል። ዱልዱም ቢላዋ ከስለታሙ ይልቅ ጣት ይቆርጣል የሚባለው ስለዚህ ነው።

አረብ ብረት ምን ይመስላል?

ብረትን አረብ ብረት የሚያደርገው ጥቂት ካርቦን ነው። ለሕንፃ የሚውለው ተራ ፌሮ ያለው ካርቦን ጥቂት በመሆኑ የቱንም ያህል ቢቀጠቀጥና ቢሳል ስለት አይዝም። የመኪና ባሌስትራ ግን ከግማሽ በመቶ በላይ ካርቦን አለው። ከባሌ እስከ መርካቶ ምናለሽ ተራ ድረስ ያሉ ቀጥቃጮች ለማረሻ፣ ለመጥረቢያና ለቢላዋ ባሌስትራን የሚመርጡት ይህን በልምድ ስለሚያውቁ ነው። ኬሚስት ሳይጠይቁ የደረሱበት ዕውቀት ነው፤ ትክክልም ነው።

ካርቦኑ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ብረቱ ቀይ ፍም እስኪመስል፣ ከ750 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲግል፣ የካርቦን አተሞች በብረቱ ክሪስታል ውስጥ ይሟሟሉ። በዚያው ቅጽበት ዘይት ውስጥ ቢነከር ካርቦኑ ለመውጣት ጊዜ አጥቶ እንደተወጠረ ይቀራል፤ ብረቱም እጅግ ይጠነክራል። በዚህ ደረጃ ያለ ብረት ግን እንደ ባልጩቱ ተሰባሪ ነው፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ ቢወድቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለሆነም ጥሩ ቀጥቃጭ ብረቱን አሸት አድርጎ ካጸዳ በኋላ በዝግታ ደግሞ ያሞቀዋል። ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ በላዩ የገለባ ቀለም ይታያል፤ የሲናና ልጅ ይህን ቀለም ከስንዴ አጨዳ በኋላ ከማሳው ላይ ያውቀዋል። ሙቀቱ ሲጨምር ቀለሙ ወደ ቡናማ፣ 300 ዲግሪ ገደማ ሲደርስም ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ገለባው ላይ የቆመ ብረት ለሰንጢ፣ ሰማያዊው ላይ የደረሰ ለመጥረቢያና ለመሳሰለው ይስማማል። ሰንጢ ሲመረጥ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ የብረቱ ስም ሳይሆን በእሳትና በዘይት ያለፈበት መንገድ። ከባሌስትራ የተሠራ ቢላዋ የሚገዛ ሰው፣ ብረቱ ከተቀጠቀጠ በኋላ እንደገና ተግሎ ተነክሮ እንደሆነ ሠሪውን በትሕትና ቢጠይቅ አያፍርም። ካልተነከረ ባሌስትራነቱ ብቻ አያድነውም።

የማይዝገው ዓይነትስ? እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ ሃሪ ብሬርሊ ክሮሚየም የበዛበትን ብረት ከሠራ ወዲህ የሰንጢ ዓለም ተለውጧል። ከ11 እስከ 13 በመቶ ያህል ክሮሚየም ሲኖር በብረቱ ላይ ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ይፈጠርና ዝገትን ይከላከላል። በቀይ እጀታው የታወቀው የስዊዝ ሰንጢ ሠሪ ቪክቶሪኖክስ ስሙን ያገኘው ከመሥራቹ እናት ከቪክቶሪያና «ኢኖክስ» ከሚለው የማይዝግ ብረት መጠሪያ ነው። የእርሱ ስለት በሮክዌል ሲ መለኪያ 56 ገደማ ነው። ከዚህ በላይ የጠነከሩ ውድ ሰንጢዎች ሞልተዋል፤ ሆኖም ስለታቸውን ረዘም ላለ ጊዜ ቢይዙም በሜዳ ላይ በተራ ድንጋይ ለመሳል ያስቸግራሉ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለተማሪ 56 ይበቃል። ዝናብና ጭጋግ በማይጠፋበት በባሌ ደግሞ የማይዝገው ይመረጣል፤ ካርቦን ብቻ ያለውን የሚወድ ሰው በየምሽቱ ጠርጎ ዘይት መቀባቱን መርሳት የለበትም።

ገበያ ላይ ስም የተቀረጸበት ሁሉ እውነተኛ ስላልሆነ ገዢው በእጁ ቢፈትን ይሻለዋል። ትንሽ ማግኔት ይያዝ። ማንኪያ የሚሠራበት፣ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለው ብረት በማግኔት አይሳብም፤ በእሳትም አይጠነክርም። ስለዚህ ማግኔት የማይስበው የብረት ስለት ማንኪያ እንጂ ሰንጢ አይደለም። የሚሳበው ሁሉ ግን ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ቀጥሎ በስለቱ ጀርባ ላይ፣ ሻጩ ከፈቀደ፣ ሞረድ ቀለል አድርጎ ያስኪድ፤ ሞረዱ በቀላሉ ከነከሰው ብረቱ ለስላሳ ነው፤ ከተንሸራተተ ጠንካራ ነው። ሦስተኛው ፈተና ጥንቃቄ ይሻል። የስለቱን ጠርዝ በለስላሳ ምስማር ላይ ቀስ ብሎ ሲያስደግፉት ትንሽ ተለምጦ ከተመለሰ ሚዛኑን የጠበቀ ነው፤ እንደተለመጠ ከቀረ ልል ነው፤ ከተሸረፈ ማርገቡ ተዘልሏል።

ታጣፊ ከሆነ መቆለፊያውን መመልከት ያስፈልጋል። ተከፍቶ ሳለ ጀርባውን በመዳፍ ሲጫኑት ተከፍቶ መቆየት፣ ወደ ጎንም አለመነቃነቅ አለበት። የፈረንሳዩ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የሚጠቀምበት የሚሽከረከር ቀለበት ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ እጀታው እንጨት በመሆኑ ግን በዝናብ አብጦ መክፈቻው ይጠብቃል። የስለቱ ርዝመት ከ8 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ዳቦ ለመቁረጥ፣ ሲባጎ ለመበጠስና የተክል ናሙና ለማዘጋጀት ይህ ይበቃል። ለነገሩ በፓርኩ ውስጥ ያለ ፈቃድ አንዲት የአስታ ቅርንጫፍ መቁረጥ አይቻልም። ከዚህ የረዘመ ስለት በፍተሻ ቦታ ሁሉ ማብራሪያ ያስጠይቃል። በአውሮፕላን ወደ ሮቤ የሚሄድ ሰው ሰንጢውን በእጅ ሻንጣ ሳይሆን ተመዝግቦ በሚጫነው ውስጥ ማድረግ አለበት።

ለመሳል ደግሞ ፕሮትራክተር አያስፈልግም። ስለቱን በድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም 90 ዲግሪ ነው፤ ግማሹ 45፣ የዚያም ግማሽ 22 ተኩል ነው። ከዚህ ጥቂት ዝቅ ሲል 20 ዲግሪ ገደማ ላይ ይደርሳል። በሁለቱም ጎን በእኩል ቁጥር መሳል ይበቃል።

ከሰንጢው የተረፈው ገንዘብ

በሰነቴ ላይ ሰው ሰንጢ በማጣት አይሞትም። የሚያሰጋው ዝናብና ነፋስ ተባብረው ሲመጡ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ጎባ 2,740 ሜትር ገደማ ስለሆነች ቱሉ ዲምቱ ከእርሷ ከ10 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። በበጋ ሌሊት ውኃው ይጋግራል፤ በክረምት ደግሞ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያለማስጠንቀቂያ ይወርዳል። የከተማ ተማሪ የተለመደ ልብስ ጂንስና የጥጥ ሹራብ ነው። ጥጥ ደረቅ ሳለ በክሮቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ያሞቃል፤ ጋቢ የሚሞቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ሲርስ ግን የአየሩን ቦታ ውኃ ይወስደዋል፤ ውኃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። የበግ ሱፍ ረጥቦም ቢሆን የመለጠጥ ባሕርይውን ስለማያጣ የተወሰነ አየር ይዞ ይቆያል። የባሌ ፈረሰኛ ከሱፍ ብርድ ልብሱ የማይለየው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ከውስጥ ጥጥ ያልሆነ ስስ ልብስ፣ ከላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ካፖርት ያስፈልጋል። ካፖርቱ ካልተገኘ ሁለት ሜትር ላስቲክ ብዙ ይሠራል።

ውኃ በቱሉ ዲምቱ ጫፍ በ86 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህ ሙቀት ተሕዋስያንን ለመግደል በቂ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ግን ለ3 ደቂቃ ያህል ማፍላት ይመከራል። ንፍሮ ለማብሰል ግን በቂ አይደለም፤ እንጨቱም ጊዜውም ያልቃል። ከዚህ ይልቅ በሶ፣ ቆሎና በተለይ ጭኮ ይያዝ። ጭኮ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ ለክብደቱ ከዚህ የበለጠ ጉልበት ያለው፣ እሳትም የማይፈልግ የባሌ ስንቅ የለም። በነገራችን ላይ ጭኮ ለመቁረጥ ሰንጢው ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል።

ባትሪ በብርድ ጊዜ ኬሚካዊ ሂደቱ ስለሚዘገም ጉልበቱን ያጣል። የእጅ መብራቱና የስልኩ ባትሪ ከሰውነት አጠገብ፣ ከውስጠኛው ልብስ ሥር ይደር። ክብሪት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ፊሽካ በአንገት ላይ ታስሮ፣ ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ ለቀኑ ፀሐይ ይያዝ፤ ጭጋግ ሲወርድ አሥር ሜትር የራቀ ጓደኛ አይታይም፤ የፊሽካ ድምፅ ግን ይሰማል።

የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ በመጀመሪያ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ቀጥሎ ጣት አልታዘዝ ይላል፤ የጫማ ክር ማሰር የተሳነው፣ ንግግሩ የተያያዘበት ወይም «ደህና ነኝ፣ ተዉኝ» እያለ የሚቀመጥ ጓደኛ ካለ የራሱን ቃል ማመን አይገባም። መንቀጥቀጡ ቢቆም መሻል አይደለም፤ አደጋው በርትቷል ማለት ነው። ከነፋስ ማስጠለል፣ ርጥቡን ልብስ ማውለቅ፣ በደረቅ ልብስ መጠቅለልና ከሌላ ሰው ገላ ጋር ማሞቅ ያስፈልጋል። መዋጥ ከቻለ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ነገር ይሰጠው፤ አረቄ ግን አይሰጠው፤ የቆዳን የደም ሥሮች አስፍቶ የቀረውን ሙቀት ያባክናልና። ከዚያም በተቻለ ፍጥነት ወደ ጎባ ወይም ወደ ሮቤ ሆስፒታል ይውረድ። ርጥቡ የጫማ ክር ወይም ጂንስ አልፈታ ካለ በሰንጢው ይቆረጥ።