ከጭምብሉ ጀርባ ያለችው በረኛ

ማኖን ሬዮም በበረዶም በጎማም ላይ ከወንዶች ጋር ተሰልፋለች። የ20 ደቂቃ ጨዋታ ታሪክ ውስጥ አስገብቷታል፤ ጥያቄውም እስከ ዛሬ አልበረደም።

ወንድሞች ያሏት ሴት ልጅ ሰፈር ውስጥ ኳስ ስትጫወት የሚደርሳት ቦታ ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው፤ በረኛ ትሆናለች። ወንዶቹ ጎል ማግባት ስለሚፈልጉ ጎሉ ሥር መቆም የሚወድ የለም። “አንቺ እዚያ ቁሚ” ትባላለች፣ ትቆማለች። አብዛኞቹ ልጆች ከፍ ሲሉ ጨዋታውን ትተውት ይሄዳሉ። ካናዳዊቷ ማኖን ሬዮም ግን የተሰጣትን ቦታ ሳትለቅ ቆየች። እዚያው ቆማም የዓለምን ትልቁን የወንዶች የበረዶ ሆኪ ሊግ በር ከፈተች።

ማኖን የተወለደችው እ.ኤ.አ. የካቲት 24 ቀን 1972 በኬቤክ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ቦፖር ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ በሆነው በዚያ አካባቢ ክረምቱ ረጅም ነው። ልጆች ገና በደንብ መራመድ ሳይጀምሩ በበረዶ ላይ መንሸራተት ይለማመዳሉ። አባቷ የታዳጊዎች ቡድን ያሠለጥን ነበር፤ ወንድሞቿም ተጫዋቾች ነበሩ። አንድ ቀን የአባቷ ቡድን ለውድድር በረኛ አጣ። የአምስት ዓመቷ ማኖን “እኔ እገባለሁ” አለች። ቤት ውስጥ ወንድሞቿ ሲመቱባት የኖረች ልጅ ስለነበረች አባቷ አስገባት።

ጨዋታው ምን ይመስላል?

የገና ጨዋታን የሚያውቅ ሰው የሆኪን መሠረታዊ ሐሳብ ለመረዳት አይቸገርም። በእኛ ሜዳ ቆልማማው ዱላ እሩሯን እንደሚያሯሩጣት ሁሉ፣ በበረዶ ሆኪም ተጫዋቾች ጥቁር የጎማ ዲስክ በዱላ እየገፉና እየመቱ ወደ ጎል ይነዳሉ። ዲስኩ 170 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በጠንካራ መቺ ዱላ ሲመታ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል። በእያንዳንዱ ወገን አምስት ተጫዋቾችና አንድ በረኛ ይሰለፋሉ። ጨዋታው እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ የሚፈጁ ሦስት ክፍሎች አሉት።

በረኛው የሚጠብቀው ጎል ስፋቱ 1 ሜትር ከ83፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ22 ሴንቲ ሜትር ነው። ከራስ እስከ እግር በወፍራም መከላከያ ይሸፈናል፤ ፊቱም በጭምብል ውስጥ ነው። ጭምብሉ ከተጠለቀ በኋላ የቆመው ወንድ ይሁን ሴት ከሩቅ መለየት ያስቸግራል።

ከወንዶች መካከል

ማኖን 11 ዓመቷ ላይ በኬቤክ በሚካሄደው ዝነኛ ዓለም አቀፍ የታዳጊዎች ውድድር የተጫወተች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1991 ደግሞ ለትሯ ሪቪየር ቡድን ተሰልፋ በካናዳ ከፍተኛው የወጣት ወንዶች ሊግ የተጫወተች የመጀመሪያዋ ሴት ተባለች። የቆየችው 17 ደቂቃ ያህል ነበር። ከተመቱባት ኳሶች አንዱ ጭምብሏን አግኝቶ ከዓይኗ በላይ ቆረጣት፤ እየደማች ከሜዳ ወጣች።

በቀጣዩ ዓመት ከካናዳ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ጋር ፊንላንድ ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ፍሎሪዳ ታምፓ ቤይ ላይትኒንግ የሚባል አዲስ ቡድን ብሔራዊ የሆኪ ሊግን ሊቀላቀል በመዘጋጀት ላይ ነበር። የቡድኑ ኃላፊ የቀድሞው ታላቅ ተጫዋች ፊል ኤስፖሲቶ ማኖንን ለሙከራ ልምምድ ጋበዛት።

እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1992 ታምፓ ቤይ ከሴንት ሉዊስ ብሉስ ጋር ባደረገው የዝግጅት ጨዋታ ማኖን የመጀመሪያውን ክፍል ጎሉ ሥር ቆመች። ዕድሜዋ 20 ዓመት፣ ቁመቷም 1 ሜትር ከ70 ገደማ ነበር። ዘጠኝ ኳሶች ተመቱባት፤ ሰባቱን አዳነች፣ ሁለቱ ገቡባት። ካገቡባት አንዱ በኋላ ከዘመኑ ታላላቆች ተርታ የተሰለፈው ብሬንዳን ሻናሃን ነው። ክፍሉ ሁለት ለሁለት ሲጠናቀቅ በሌላ በረኛ ተተካች። በሰሜን አሜሪካ አራቱ ታላላቅ የወንዶች ስፖርት ሊጎች በአንዱ በጨዋታ የተሰለፈች የመጀመሪያዋ ሴት ማኖን ናት።

ለችሎታዋ ወይስ ለወሬ?

ክርክሩ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ፍሎሪዳ ፀሐያማ አገር ናት፤ ሕዝቡ ለበረዶ ስፖርት እንግዳ ነበር። አዲሱ ቡድን ትኬት የሚገዛ ሰው ይፈልጋል። ኤስፖሲቶም ማኖንን ሲጋብዝ የማስታወቂያውን ጥቅም እንዳሰበበት አልደበቀም። ተቺዎች “ወንድ ብትሆን ኖሮ ማን ይጠራት ነበር?” አሉ። አባባላቸው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም።

እሷም ይህን ታውቅ ነበር። ነገር ግን ሌላም የምታውቀው ነገር ነበራት፤ ሴት በመሆኗ ብቻ በሮች ሲዘጉባት ኖረዋል። አሁን አንዱ በር ሴት በመሆኗ ከተከፈተ ለምን ትመለሳለች? ማስታወቂያ ሜዳ ድረስ ሊያደርሳት ይችላል፤ ጎሉ ሥር ከቆመች በኋላ ግን ኳሱን የሚይዝላት ማስታወቂያ የለም። ለወንዶች የሚታተም አንድ ታዋቂ መጽሔት ራቁቷን ፎቶ ለመነሳት ዳጎስ ያለ ገንዘብ ሲያቀርብላት “አልፈልግም” ብላ መለሰች። ከጨዋታው ጋር የመጣውን ዝና ተቀበለች፤ ከጨዋታው ውጪ በሆነ ነገር ለመታወቅ ግን አልፈቀደችም።

ታምፓ ቤይ ወደ ተጠባባቂ ቡድኑ አትላንታ ናይትስ ላካት። በታኅሣሥ 1992 በመደበኛ የወንዶች ፕሮፌሽናል ውድድር የተጫወተች የመጀመሪያዋ ሴት በረኛ ሆነች። በ1993ም ከታምፓ ቤይ ጋር ሁለተኛ የዝግጅት ጨዋታ አድርጋለች። ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የካሜራ ብርሃን የሌለባቸው ነበሩ። በዝቅተኛ ሊጎች ከከተማ ወደ ከተማ ረጅም ጉዞ ትጓዛለች፤ ብዙውን ጊዜም ተጠባባቂ ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

በረዶው ሲቀልጥ

በበጋ የበረዶ ሊጎች ሲዘጉ ማኖን ጫማዋን ቀየረች። በ1993 ሮለር ሆኪ ኢንተርናሽናል የተባለ ፕሮፌሽናል ሊግ በሰሜን አሜሪካ ተጀምሮ ነበር። ተጫዋቾቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ ጎማዎች ባሉት ጫማ በደረቅ ወለል ላይ ይንሸራተታሉ። በረኛውን ሳይጨምር የሚሰለፉት አራት ስለሆኑ ሜዳው ሰፋ ይላል፤ ጨዋታውም ይፈጥናል። ማኖን ለኒው ጀርዚ ሮኪን ሮለርስ ተጫወተች፤ በሌሎች የሊጉ ቡድኖችም ተሰልፋለች።

ለበረኛ ለውጡ ቀላል አይደለም። በበረዶ ላይ ከአንዱ የጎል ምሰሶ ወደ ሌላው በጉልበት ተንሸራቶ መድረስ ይቻላል። ደረቁ ወለል ግን ይይዛል፤ የእግር መከላከያው እንደ ልብ አይንሸራተትም። ስለዚህ በረኛው ኳሱ ከመመታቱ በፊት ቦታውን መያዝ አለበት። በጉልበት ከወንዶች ለምታንስ በረኛ ይህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነበር።

ከ1998 ወዲህ

የሴቶች የበረዶ ሆኪ በኦሊምፒክ የተካተተው በ1998 በጃፓን ናጋኖ ነው። በ1994 ከአገሯ ጋር ሁለተኛ የዓለም ዋንጫ ያገኘችው ማኖን በናጋኖም ነበረች። በፍጻሜው አሜሪካ ካናዳን 3 ለ 1 አሸነፈችና ማኖን የብር ሜዳሊያ አጠለቀች። ወንድሟ ፓስካልም ቤተሰቡን አላሳፈረም፤ በ2003 ከኒው ጀርዚ ዴቭልስ ጋር የሊጉን ታላቅ ዋንጫ አንስቷል።

ማኖን በኋላ የሁለት ወንዶች ልጆች እናት ሆነች። ኑሮዋን በአሜሪካ ሚቺጋን አድርጋ ታዳጊ ሴቶችን አሠለጠነች። የመጀመሪያ ልጇ ዲላንም በረኛ ወጣ። ሌሎች ሲመቱባት ፈገግ ማለት የምትችለው በረኛ አሁን በተመልካች ወንበር ላይ ልጇ ሲመታበት ማየት ነበረባት። በ2022 ሎስ አንጀለስ ኪንግስ በአማካሪነት ቀጠራት። የዚያን ጊዜ የተጠራችው ለትኬት ሽያጭ ሳይሆን ዓይኗ ወጣት ተጫዋችን ስለሚለይ ነው። በጥር 2024 ደግሞ በሰሜን አሜሪካ ስድስት ቡድኖች ያሉት የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ተጀመረ። ዛሬ ጎሉ ሥር የምትቆም ልጅ ለመታየት የወንዶችን በር ማንኳኳት ግድ አይሆንባትም።

ለወላጆች

የማኖን አባት የአምስት ዓመት ልጁን ጎሉ ሥር ሲያቆም ታሪክ ለመሥራት አላሰበም። በረኛ ጎድሎት ነበር፤ ልጅቷ “እኔ አለሁ” አለች፤ እሱም “እስቲ ግቢ” አላት። የብዙ ልጆች ዕጣ የሚወሰነው በዚህች አጭር መልስ ነው። ልጃችሁ ያልተለመደ ነገር ልሞክር ስትል “ለወንዶች ነው” ከማለታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ሜዳ ይዛችኋት ውጡ። ችሎታ ከሌላት ኳሱ ራሱ ይነግራታል። ካላት ደግሞ የእናንተ “እስቲ ግቢ” ትበቃታለች።