የሚያስለው ፈረስ ምን ይጎዝጎዝለት?

ከእኛ ከሠልጣኞቹ መካከል በጋሪ ገንዘብ የተማረው ጥቂት አይመስለኝም። እኔ አንዱ ነኝ። ደብተሬም ጫማዬም የተገዛው አባቴ ዳማ በምንለው ፈረስ ጋሪ እየነዳ ከሚያገኘው ነው። ታዲያ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ዳማ ማሳል ጀመረ። ዳገት ላይ ይቆማል፤ ጎኑ እንደ ወናፍ ይነፋል። «ብርድ ነው» ተባለ። የጋጣውን ቀዳዳ ሁሉ በጆንያ ደፈንን፤ ይሙቀው ብለንም ጭዱን አበዛንለት። እሱ ግን ጭራሽ ባሰበት። ይሸጥ እንዳይባል የሚያስል ፈረስ ማን ይገዛል? እንዳይሸጥ ደግሞ ቤታችን ምን ሊበላ ነው?

ኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም ሲያስረዱን፣ ያደረግንለት ሁሉ ተገላቢጦሽ ኖሯል።

ፈረስ እንደ ሰው በአፉ አይተነፍስም፤ ያለው አፍንጫው ብቻ ነው። ያ አፍንጫ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ጭድ ውስጥ ነው፤ ፈረሱ ይተኛበታል፣ ይበላዋልም። ጭድና ድርቆሽ ርጥበት ሲያገኛቸው ይሻግታሉ። ሻጋታው የሚበትነው ብናኝ እጅግ ደቃቅ ነው። ከ5 ማይክሮን የሚያንሰው (ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) እስከ ሳንባ ጥግ ድረስ ይዘልቃል። አለርጂ ያለበት ፈረስ ሳንባ በዚህ ይቆጣል፤ የአየር ቧንቧዎቹ ይጠባሉ፣ በአክታም ይሞላሉ። ሕመሙ ከሰው አስም ጋር ስለሚመሳሰል ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለሙያዎች «የፈረስ አስም» የሚለውን ስም ይመርጣሉ። አስም በመሆኑም ከፈረስ ወደ ፈረስ አይጋባም።

ሁለተኛው ጠንቅ ሽንት ነው። በሽንት በራሰ ጉዝጓዝ ውስጥ ባክቴሪያዎች አሞኒያ ያመነጫሉ፤ አሞኒያ ደግሞ የተቆጣውን ሳንባ ይብስ ያስቆጣዋል። ጠዋት ጋጣ ገብታችሁ ቁጢጥ በሉ። ዓይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ ፈረሱ ሲስበው ያደረው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ምን ይጎዝጎዝ? በአውሮጳ ለጤነኛ ፈረስ የሚጎዘጎዘው የስንዴ አገዳ በማሽን የታጨደ፣ ርዝመቱን ያልለቀቀ ነው። የእኛ ጭድ ግን አውድማ ላይ በበሬ ተረግጦ የደቀቀ፣ አፈርም የተቀላቀለበት ነው። ስለዚህ የእነሱ ምክር እንዳለ አይገለበጥም። ለሚያስል ፈረስ የሚሻለው ከአናጢ መላጊያ የሚወጣው ጥቅልል የእንጨት ፍቅፋቂ ነው። ሽንት ይመጥጣል፣ ቶሎ አይሻግትም፣ ፈረሱም አይበላውም። ሰጋቱራ ከዚያው ከአናጢ ቤት ቢመጣም ሌላ ነገር ነው፤ በመጋዝ የደቀቀ ስለሆነ ገና ሲረገጥ ይቦናል። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የነካው እንጨትና የቺፕውድ ፍርፋሪም አይሆኑም፤ ሚስማርም መልቀም ያስፈልጋል። የተቀዳደደ ወረቀት አቧራ የለውም፤ ይኸው የግድግዳ ጋዜጣችን እንኳ ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ለፈረስ ይበጅ ነበር! ችግሩ ቶሎ ላቁጦ መክበዱ ነው። የጎማ ምንጣፍም አለ፤ ውድ ነው፣ በላዩም ሽንት የሚመጥጥ ነገር ይፈልጋል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ፀሐይ በጋጣው በር ስትገባ አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ ይዛችሁ አራግፉ። በጨረሩ ውስጥ ደመና ከተነሣ አይሆንም። ደመና ባይነሣም ሻጋታ ሻጋታ ከሸተተ አይሆንም።

ጉዝጓዝ መለወጥ ብቻውን ግን አይበቃም፤ እኛም የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነበር። ፍቅፋቂ ካመጣን በኋላ ሳሉ ጥቂት ቀነሰ እንጂ አልተወውም። ለካ ከግድግዳው ወዲያ የጭድ ክምሩ አለ፤ እዚያው ጋጣ ውስጥም አህያችን በድሮው ጭድ ላይ ትተኛለች። አየሩ አንድ ነው። ክምሩን አራቅን፣ የአህያዋንም ለወጥን፣ የደፈንነውን ቀዳዳ ከላይ ከፈትን። ድርቆሹን ግማሽ ሰዓት ያህል ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈን ወዲያው መሬት ላይ እናቀርብለታለን፤ አንገቱን ሲደፋ አክታው ይወርድለታል። ፋንድያውና የራሰው በየቀኑ ይጠረጋል፤ በሚጠረግበት ጊዜ ፈረሱ ውጭ ይታሰራል፣ አቧራው ሳይረግፍም አይመለስም። እርግጥ ከሁሉ የሚሻለው ሜዳ ላይ ማደሩ ነበር፤ ግን ጅቡስ? አቅም ያለው ጠንካራ አጥር ሠርቶ ጣሪያ ብቻ ያበጅለት።

ሥራ ፈቶ የቆመ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። ጎኑን እያያችሁ ቁጠሩ። ዳማ ያኔ 28 ነበር። ነገር ግን ትኩሳት ካለው፣ ከአፍንጫው መግል ከወጣ፣ ከመንጋጋው ሥር ካበጠ፣ ወይም በድንገት ትንፋሽ አጥሮት አረፋ ከደፈቀ ነገሩ የጉዝጓዝ አይደለም። ተላላፊ በሽታ ወይም ጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት የሚያስተላልፉት የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሐኪም ይጠራ።

ዳማ በሦስተኛው ሳምንት ዳገቱን ሳይቆም ወጣ። ዳነ ማለት ግን አይደለም፤ አምና በክረምት ፍቅፋቂ አልቆብን ታናሽ ወንድሜ ለአንድ ሌሊት ጭድ ቢጎዘጉዝለት ሲነጋ ሳሉ ተመልሶ አገኘነው። አናጢውም ድሮ በነፃ ይሰጠን የነበረውን ዘንድሮ በጆንያ ሒሳብ ጀምሯል። ወንድሜ ሁለተኛ አናጢ ፈልጎ ተስማምቷል።