78 ነፍስና ጥርኝ ውሃ

ሰው በላ ፍጡር ጠባዩን ሊለውጥ ይችላል ወይ? ለልጆች ከሚነገሩ ታሪኮች ውስጥ እጅግ አስፈሪዎቹም እጅግ አስቂኞቹም ከዚህ ጥያቄ የተወለዱ ናቸው። በሎስ አንጀለስ፣ በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከኦሊምፒክ እስከ ዊትዎርዝ ያለውን ሰፈር የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። በዚያ አካባቢ የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ልጅ የጥያቄውን መልስ ከሁለት ወገን ሊሰማ ይችላል፤ በቤት ከአያ ጅቦ ተረትና ከተአምረ ማርያም፣ በደጅ ደግሞ ከሆሊውድ።

የተረቱ ጅብ አይለወጥም። ከወንዙ በላይ ቆሞ የሚጠጣው ጅብ፣ ከታች የምትጠጣውን አህያ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ብሎ ይከሳታል። ውሃ ሽቅብ እንደማይፈስ አህያዋም ጅቡም ያውቃሉ። መልሷም «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ነው። ጨዋ መስሎ ለመታየት ሲሞክርም መሳቂያ ይሆናል፤ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። በዚህ ዓለም አውሬ ጨዋ ሆኖ የሚቆየው የሚያውቀው ሰው እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው።

ሐረር ሌላ መልስ አላት። ማታ ማታ ጅቦች ከግንቡ ውጭ በሰው እጅ ሥጋ ይጎርሳሉ፤ በዓሹራ ዕለት ደግሞ ቅቤ የጠገበ ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ አበላላቸውም የመጪው ዓመት ምልክት ተደርጎ ይታያል። እዚህ ጅቡ ተለወጠ የሚል የለም። የጠገበ አውሬና የሚያበላው ሰው ተስማምተው ያድራሉ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

አውሬው በእርግጥ ይድናል የሚለው ደፋር መልስ የሚገኘው በበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። ታሪኩ ያለበት ተአምረ ማርያም በዐፄ ዳዊት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1382–1413) ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ እንደተመለሰ ይታመናል፤ ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በአብያተ ክርስቲያናት እንዲነበብ አደረጉ። ታሪኩ በተለይ የካቲት 16 ከሚከበረው ከኪዳነ ምሕረት በዓል ጋር ተያይዞ ይነገራል።

በላዔ ሰብእ የቅምር አገር ሰው ነው። ሚስቱንና ልጆቹን፣ ዘመድ ወዳጁን ሳይቀር 78 ሰው በልቷል። በቤቱ የሚበላ ሰው ሲያልቅበት ቀስቱንና የሚጠጣውን ውሃ ይዞ ለአደን ወጣ። በመንገዱ ያገኘው ግን ገላውን ቁስል የወረሰው፣ በውሃ ጥም የሚሰቃይ ለምጻም ነበር። ሊበላው ቀረበና ተጸየፈው፤ የገዛ ልጆቹን የበላ ሰው ቁስል ቀፈፈው። ለምጻሙ በእግዚአብሔር ስም ውሃ ለመነው፣ እምቢ አለ። በጻድቃን ስም ለመነው፣ እምቢ አለ። በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ልቡ ደነገጠ፤ ስለ እርሷም ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ያም ሆኖ የለምጻሙን ጥም የሚቆርጥ አልነበረም።

በላዔ ሰብእ ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ተቀመጠች፤ በአንዱ ወገን 78ቱ ነፍሳት፣ በሌላው ጥርኝ ውሃ። እመቤታችን ስለ እርሱ ቆመች፤ ውሃውም መዘነ። ትዕይንቱ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ሁሉ በጣም ከሚታወቁት አንዱ ነው፤ በጣና ዳር በዘጌ ያለው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳም ይዞታል። ሠዓሊዎች ሰው በላውን የሰው አካል ሲግጥ፣ አጠገቡ ደግሞ ለምጻሙን ሲያጠጣ ያሳዩታል፤ ሚዛኑ ሲመጣም የእመቤታችን ጥላ በውሃው ወገን ያርፋል። ታሪኩ የሚያስተምረው የሰውየውን ደግነት ሳይሆን የምሕረትን ስፋት ነው። በሚዛኑ ላይ የተቀመጠው ደግነት ጥርኝ ብቻ መሆኑም ለዚህ ነው።

የሆሊውድ መልስ ከፌርፋክስ ብዙም አይርቅም። ከሊትል ኢትዮጵያ ወደ ሰሜን ትንሽ እንደተሄደ፣ በዊልሸር ጥግ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የተከፈተው የአካዳሚ የፊልም ሙዚየም አለ፤ በ1975 የወጣው «ጆውስ» ፊልም የሻርክ ቅርጽ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ይታያል። ያ ሻርክ ንስሐ አልገባም። የቅርቡ የልጆች ፊልም ግን ክፉውን ማዳን ይወዳል። በ2010 የወጣው «ዴስፒከብል ሚ» ላይ ግሩ ጨረቃን ሊሰርቅ ያሰበ ወንበዴ ነው፤ ሦስት ወላጅ አልባ ልጃገረዶችን ለተንኮሉ ሲል ያሳድጋል፣ በኋላ እውነተኛ አባት ይሆንላቸዋል። ዲዝኒ በ2012 ያወጣው «ሬክ ኢት ራልፍ» ደግሞ የቪዲዮ ጌም ክፉዎችን፣ መጠጥ ለመተው እንደሚሰበሰቡ ሰዎች በክብ አስቀምጦ ስለ ኑሯቸው ያወያያቸዋል።

ልዩነቱ በሒሳቡ ነው። ግሩ የሰረቃት ጨረቃ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ ራልፍ የሚያፈርሰው ሕንፃ ወዲያው ይጠገናል። እነዚህ ክፉዎች የሚለወጡት የማይመለስ ነገር ሳያደርጉ ነው፤ ይቅርታውም ብዙ አያስከፍልም። የበላዔ ሰብእ ተራኪ ግን ሚስትና ልጆቹ ከተበሉ በኋላ ነው ጥያቄውን የሚያነሣው። ልጅን የሚያስደነግጠውም የሚያስቀውም ይህ ነው፤ ደግነቱ እንደ ጥርኝ ውሃ ያነሰ፣ በደሉ እንደ 78 ሰው የገዘፈ ሆኖ በአንድ ሚዛን ላይ ይቀርብለታል። ታሪኩ ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ ይነግረዋል፤ የ78ቱን ወገን ማሰብ ግን ለአድማጩ ይተዋል።