የውሃ ሙቀትና በዛጎል ለበሶች ገላ የሚጠራቀሙ ከባድ ብረቶች

በወንዝና በሐይቅ ከሚኖሩት ዛጎል ለበስ እንስሳት አንዳንዶቹ እንደ ቀንድ አውጣ ባለ አንድ ዛጎል ሲሆኑ፣ የሌሎቹ ዛጎል ግን ሁለት ክፋይ ሆኖ የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። እነዚህ ባለ ሁለት ዛጎሎች ምግባቸውን የሚያገኙት ውሃውን በስንጥባቸው በማጣራት ነው። ውሃው እንደ ካድሚየም፣ እርሳስና ሜርኩሪ ያለ ከባድ ብረት የያዘ እንደ ሆነ ብረቱም አብሮ ይገባል። በተለይ ካድሚየም በመጠኑ ከካልሲየም ጋር ስለሚቀራረብ፣ እንስሳው ለዛጎሉ መሥሪያ ካልሲየም በሚያስገባበት መንገድ ሾልኮ ያልፋል፤ ከገባም በኋላ በቶሎ አይወጣም።

ታዲያ የውሃው ሙቀት በዚህ ነገር ምን ድርሻ አለው? የእነዚህ እንስሳት ገላ ቋሚ ሙቀት የለውም፤ ውሃው ሲሞቅ ይሞቃል፣ ሲቀዘቅዝም ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የገላቸው እንቅስቃሴ ብዙውን ጊዜ ሁለት እጥፍ ገደማ ይፈጥናል፤ የሚፈልጉትም ኦክሲጅን እንዲሁ ይበዛል። ሆኖም ሞቃት ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን አነስተኛ ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ፣ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በ10 ዲግሪ 11 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፣ በ25 ዲግሪ ግን ከ8 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም። ስለዚህ እንስሳው የበለጠ ውሃ በስንጥቡ ለማሳለፍ ይገደዳል፤ የሚወስደውም ብረት በዚያው ይጨምራል። እርግጥ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ዛጎሉን ዘግቶ ማጣራቱን ያቆማል።

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የሚገኘው የሎት ወንዝ፣ በቪቪዬ ከተማ ከነበረው የዚንክ ማቅለጫ በወጣ ካድሚየም ለረጅም ዘመን ተበክሎ ኖሯል። የዚንክ ማዕድን ማቅለጡ እ.ኤ.አ. በ1987 ካቆመም በኋላ ብረቱ በወንዙ ደለል ውስጥ ቀርቷል። ተመራማሪዎች ከንጹሕ ሥፍራ ያመጧቸውን ባለ ሁለት ዛጎሎች በወንዙ ውስጥ አቆይተው በገላቸው የተጠራቀመውን ብረት ለክተዋል። ከወንዝ የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ውሃ የሚያሳየው የዚያችን ሰዓት ሁኔታ ብቻ ሲሆን፣ የእንስሳው ገላ ግን የሳምንታትን ይዞ ይቆያል። ነገሩ ለሰው ምግብም የሚተርፍ ነው፤ የሎት ውሃ በመጨረሻ በሚደርስበት በዢሮንድ ወሽመጥ፣ ኦይስተር የተባለው ዛጎል ለበስ ብዙ ካድሚየም በመያዙ ለምግብ እንዳይሰበሰብ ታግዶ ነበር።

እንግዲህ በብርድ ወራት ብቻ የተለካ ወንዝ ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ ውሃው በሚሞቅበት ወራት ግን በዚያው ሥፍራ የሚገኘው ቁጥር ሌላ ነው። ስለሆነም ለካዩ ከእንስሳው ክብደትና ከብረቱ መጠን ጎን የውሃውን ሙቀትና ወሩን ይመዘግባል።