ሙቀቱ ሳይገባ የዓሣ ኩሬውና የጓሮ አትክልቱ ይዘጋጁ

ጥር ተጋምሶ የሌሊቱ ብርድ መቀነስ ሲጀምር ገበሬው ውቂያውን ጨርሶ ስለ በልግ እርሻ ማሰብ ይጀምራል። በጓሮው የዓሣ ኩሬ ያለው ቤተሰብ ደግሞ በዚሁ ወቅት ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያሉት ሞቃት ወራት ዓሣ በደንብ የሚበላባቸውና የሚያድግባቸው በመሆናቸው፣ ኩሬውም ሆነ ከኩሬው ግርጌ ያለው የአትክልት መደብ ከዚያ በፊት መሰናዳት ይኖርባቸዋል።

በአገራችን ለጓሮ ኩሬ ተስማሚ ሆኖ የተገኘው ከጣናም ሆነ ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ ዓሣ ነው። ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በፍጥነት ያድጋል። ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብላት ይቀንሳል፤ ብርዱ ሲበረታም ጨርሶ ያቆማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ዓሣው አላድግ አለ ብሎ ቅር የተሰኘ ገበሬ ቢኖር ምክንያቱ ይኸው ነው። በመሆኑም ዋናው ቁም ነገር ሙቀቱ ሲመጣ ኩሬው ጸድቶ፣ ውሃው ለምቶ መጠበቁ ነው።

ኩሬውን ማድረቅና ማከም

በመጀመሪያ ያደገው ዓሣ ተለቅሞ ኩሬው መፍሰስ አለበት። የሚፈሰው ውሃ ወደ ሜዳ መለቀቅ የለበትም። በቦይ ተመርቶ ወደ አትክልቱ ቢገባ በዓሣው ኩስና በምግብ ትራፊ የዳበረ ስለሆነ ለጎመን፣ ለቆስጣና ለሽንኩርት ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። ከሥር የተጠራቀመው ጥቁር ጭቃም በአካፋ ወጥቶ በአትክልት መደቡ ላይ ይበተናል።

ከዚህ በኋላ ኩሬው መሬቱ እስኪሰነጣጠቅ ድረስ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ፀሐይ ይመታዋል። ይህም የእንቁራሪት ዕንቁላልን፣ ተባይንና በጭቃው ውስጥ የቀረ ዓሣን ያጠፋል። ግድቡ የተሸረሸረበት ቦታ በሸክላማ አፈር ተደልድሎ ይጠቀጠቃል፤ ከላይም ሰርዶ ይተከልበታል። በግድቡ ላይ ባሕር ዛፍ መትከል ግን አይገባም። ሥሩ ግድቡን ይሰነጥቃል፣ ውሃውንም ይመጣል።

አፈሩ ኮምጣጣ በሆነበት አካባቢ ለ100 ካሬ ሜትር ኩሬ ከ10 እስከ 20 ኪሎ የእርሻ ኖራ ይነሰነሳል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ውሃ ይገባል። የውሃው መግቢያ በጠባብ ወንፊት ወይም መረብ ካልተሸፈነ ከወንዙ የማይፈለግ ዓሣ ይገባል። ከዚያም የደረቀ የከብት ፍግ ይጨመራል። መጠኑም ለ100 ካሬ ሜትር በሳምንት ከ10 ኪሎ ባይበልጥ ይመረጣል። የዶሮ ኩስ ከሆነ ግማሹ ይበቃል። ፍጉ ለዓይን የማይታዩ አረንጓዴ ደቃቅ እፀዋትን ያበቅላል፤ ቆሮሶ የሚመገበውም እነዚህን ነው።

የውሃውን ልማት ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። ክንድን ቀጥ አድርጎ ወደ ውሃው መክተት ብቻ ይበቃል። ውሃው ክርን ላይ ሲደርስ መዳፍ ከጠፋ ልኩ ነው። መዳፍ ጎልቶ ከታየ ፍግ ይጨመር፤ ውሃው ክርን ሳይደርስ ገና ከጠፋ ፍጉ ይቁም።

በፍግ ምክንያት የደረሰ ጉዳት

ይህን የመጨረሻውን ምክር የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የተማረው በሌላ ሰው ኪሳራ ነው። ከኮሌጅ በዲፕሎማ በወጣበት ዓመት በአንድ ቀበሌ ለአንድ አዛውንት ገበሬ ኩሬአቸው ላይ በየሳምንቱ ፍግ እንዲጨምሩ ነገራቸው። መቼ እንደሚያቆሙ ግን አልነገራቸውም። እርሳቸውም የተባሉትን ሳያጓድሉ ፈጸሙ። በሚያዝያ አንድ ደመናማና ነፋስ የሌለበት ሌሊት አለፈ። ሲነጋ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ሲፈልጉ ተገኙ፤ ፀሐይ ሳትሞቅ አብዛኞቹ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ። አዛውንቱ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ጨምር ያልከኝን ጨመርኩ፤ ተው ብትለኝ ደግሞ እተው ነበር» ብቻ አሉ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አረንጓዴዎቹ እፀዋት ቀን ኦክስጅን ይሰጣሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱም ይወስዳሉ። የሚበሰብሰው ፍግም ይሻማል። ውሃ ሲሞቅ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። ስለሆነም በሞቃት ወራት በማለዳ ኩሬውን መጎብኘት የዘወትር ልማድ መሆን አለበት። ዓሦቹ አፋቸውን አውጥተው ከታዩ ፍግና ምግብ ወዲያውኑ ይቁም፤ አዲስ ውሃም ከከፍታ እየተንፎለፎለ ይግባ።

ጫጩቶቹን መልቀቅና መመገብ

ኖራ ከተነሰነሰ ሁለት ሳምንት ካለፈና ውሃው አረንጓዴ ከሆነ በኋላ የዓሣ ጫጩት ይለቀቃል። ለአንድ ካሬ ሜትር 2 ጫጩት፣ ለ100 ካሬ ሜትር 200 ማለት ነው። ጫጩቶቹ የመጡበት ላስቲክ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኩሬው ላይ ተንሳፎ የውሃው ሙቀት ከተስተካከለ በኋላ ቀስ ብለው ይውጡ።

ለምግብ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎና የጠላ አተላ ያገለግላሉ። 200 ዓሦች እያንዳንዳቸው 50 ግራም ቢመዝኑ በጠቅላላው 10 ኪሎ ይሆናሉ። ከክብደታቸው በመቶ 3 ቢሰጣቸው በቀን 300 ግራም ነው። ሁልጊዜ በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት መስጠት ይጠቅማል። ዓሦቹ መብላት ካቆሙ የተረፈው ኩሬውን ያበላሻል።

የቆሮሶ ትልቁ ችግር መብዛቱ ነው። እንስቷ ዕንቁላሉን በአፏ ይዛ ስለምታሳድግ ልጆቿ እምብዛም አይጠፉም። ኩሬው ከተጨናነቀ ሁሉም ደቃቆች ሆነው ይቀራሉ። በመሆኑም ትንንሾቹን በየጊዜው በመረብ መልቀም፣ ወይም ቆሮሶው ከጠነከረ በኋላ ጥቂት አምባዛ ጨምሮ ጫጩቶቹን እንዲበላ ማድረግ ያስፈልጋል።

የማኅበሩ መሪዎች ድርሻ

እስከዚህ ያለው የእያንዳንዱ ቤተሰብ ሥራ ነው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይወጣው ግን አለ፤ ዋነኛው የውሃ ጉዳይ ነው። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነና 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 100 ሺህ ሊትር ውሃ ይይዛል። ይህም በ20 ሊትር ጀሪካን 5 ሺህ ጀሪካን ነው። በእናቶችና በልጆች ጀርባ የሚሞላ አይደለም። ከሞላም በኋላ ሙቀቱ በቀን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢያጎድለው 25 ጀሪካን ይጎድላል። ስለዚህ ቦይ የማይደርስበት ቦታ ኩሬ መቆፈር አያዋጣም። ቦይ በሚደርስበትም ከላይና ከታች ያሉት ገበሬዎች እንዳይጣሉ የውሃ ተራው ኩሬ ከመሞላቱ በፊት በስብሰባ መወሰን አለበት። የመጠጥ ውሃና የከብት ውሃ ይቀድማሉ። ቦይ ጠረጋውም በደቦ ቢሆን ይቀላል።

ሁለተኛው የመርዝ ጉዳይ ነው። በአንዳንድ አካባቢ ወንዝ ውስጥ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ በትኖ ዓሣ ማደንዘዝ የቆየ ልማድ ነው። ከላይ ብርብራ ከተበተነ በቦዩ ገብቶ የታችኛውን ጎረቤት ኩሬ ይጨርሳል። የፀረ ተባይ መርጫ መሣሪያንም በቦይ ማጠብ እንዲሁ ነው። ይህን ማኅበሩ በመተዳደሪያ ደንቡ ሊከለክል ይገባል።

ሦስተኛው የሕፃናት ደኅንነት ነው። አጥር የሌለው ኩሬ ለሕፃን ወጥመድ ነው። ኩሬ ቆፋሪው አስቀድሞ እንዲያጥር ማስገደድ የመሪዎች ኃላፊነት ነው። ወባ ባለበት ቆላም የኩሬው ዳር ከአረምና ከሣር እንዲጸዳ መቆጣጠር ያሻል። ቆሮሶ የትንኝ እጭ የሚበላ ቢሆንም አረም ውስጥ ያለውን አያገኘውም።

አትክልቱ ከኩሬው ግርጌ

የአትክልቱ መደብ ከኩሬው ዝቅ ብሎ ቢሠራ ውሃው ያለ ድካም ይወርዳል። መደቡ ሰው ሳይረግጠው ከሁለቱም ወገን መሃሉን ለመኮትኮት እንዲችል ስፋቱ 1 ሜትር ያህል ይሁን። የሽንኩርትና የቲማቲም ችግኝ ፀሐይ ሲበርድ፣ ወደ ማታ ይዛወር፤ መሬቱም በደረቅ ሣር ይሸፈን። የጎመኑ ገለባና አረሙ ተመልሶ በኩሬው ጥግ በእንጨት በተከለለ ቦታ ይጣል፤ እዚያው በስብሶ ውሃውን ያለማል።

በየካቲት የተለቀቀ ጫጩት በሞቃት አካባቢ 6 ወር ያህል ቆይቶ ለገበታ ይደርሳል። ከ200ው 180 ቢተርፉና እያንዳንዳቸው 200 ግራም ቢመዝኑ 36 ኪሎ ዓሣ ነው። ይህም ለልጆች ገበታ ቀላል አይደለም። የሁዳዴን ገበያ የሚያስብ ደግሞ ክረምቱ እንዳበቃ ሁለተኛውን ዙር ይልቀቅ፤ ጾሙ ሲገባ ዓሣ ፈላጊው ይበዛልና።

ጫጩትና ምክር ለማግኘት የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ። በሰበታ፣ በባቱና በባሕር ዳርም የዓሣ ምርምር ማዕከላት አሉ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን መሪዎች በዚህ ወር በሚያደርጉት ስብሰባ ሦስቱን ነገሮች፣ የውሃ ተራውን፣ የመርዙን ክልከላና የኩሬ አጥሩን ወስነው ይነሱ። ፍግ የሚጨምር ገበሬም መቼ ማቆም እንዳለበት አብሮ ይነገረው።