አዲስ ፍሬን ሳይሟሽ ሊማሊሞ አይወረድም

አዲስ ምጣድ ከገበያ በመጣበት ሰዓት እንጀራ አይጋገርበትም። ባለሙያዋ ሴት አስቀድማ እሳት ታነድበታለች፤ በጎመን ዘር ደጋግማ ታሸዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ሊጥ የምታፈስበት። ይህ ሥራ ማሟሸት ይባላል። የመኪና ፍሬንም እንደ ምጣዱ መሟሸት የሚያስፈልገው መሆኑን ግን የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው። ምጣዱ ሳይሟሽ ቢቀር የሚበላሸው ሊጥ ነው፤ ፍሬኑ ሳይሟሽ ቢቀር ግን የሚጠፋው የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ይህ ነገር ጎልቶ የሚታየው በስሜን ተራሮች ግርጌ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ደባርቅ የሚያደርሰው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፤ አብዛኛው የወገራን ደጋ ይዞ ይሄዳል። ከደባርቅ ወዲያ ግን ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው መንገድ ሌላ ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ፤ ገደሉን እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ያወርዳል።

ይህ ቁልቁለት ለፍሬን ምን ያህል ሸክም እንደ ሆነ በሒሳብ ማየት ይቻላል። ክብደቱ 10 ቶን የሆነ የጭነት መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚያወጣው ኀይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፤ 290 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከሞተሩና ከነፋሱ የተረፈውን ሙቀት የሚሸከሙት የፍሬኑ ሸራና ሸራው የሚይዘው ብረት፤ ማለት ዲስኩ ወይም ድራሙ፤ ናቸው።

እንግዲህ አዲስ ሸራ ለዚህ ሸክም ገና አልተዘጋጀም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፤ የአዲሱ ሸራ ፊትና የብረቱ ፊት በሙሉ አይገናኙም፤ የሚነካኩት እዚህም እዚያም ከፍ ባለው ቦታ ብቻ ነው። ሁለተኛ፤ ሸራው የተጣበቀበት ሙጫ መሰል ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በጣም ሲግል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በሸራውና በብረቱ መካከል ሲገባ፤ ሾፌሩ ፔዳሉን አጥብቆ ቢረግጥም መኪናው አልቆም ይላል። ፍሬኑ በልክ እየሞቀና እየቀዘቀዘ ሲሟሽ ግን ጋዙ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ከሸራውም ስስ ንጣፍ በብረቱ ላይ እኩል ይለጠፋል። ፍሬን ደኅና አድርጎ የሚይዘው ይህ ንጣፍ ሲኖር ነው።

አሠራሩም ከባድ አይደለም። ሸራው እንደ ተለወጠ፤ መኪናው ከጋራዥ ሳይንቀሳቀስ ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ መርገጥ ያስፈልጋል። ከዚያም ሜዳና ጭር ያለ መንገድ ተመርጦ፤ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ወደ 20 እስኪወርድ ድረስ ፍሬኑን በመጠኑ እየያዙ ፍጥነቱን መቀነስ ነው። መኪናውን ፈጽሞ ማቆም አይገባም፤ የጋለ ሸራ በአንድ ቦታ ተጣብቆ ቢቆይ ንጣፉን ያዛባዋልና። በየመካከሉ ፍሬኑ ነፋስ እንዲያገኝ ጥቂት እየነዱ ይህን አሥር ጊዜ ያህል መደጋገም፤ በመጨረሻም ፍሬን ሳያበዙ አሥር ደቂቃ ያህል ነድቶ ማቀዝቀዝ ይገባል። የሸራው ፋብሪካ የሰጠው መመሪያ ካለ ግን እርሱ ይቀድማል። ከዚያም በኋላ እስከ 300 ኪሎ ሜትር ድረስ፤ አደጋ ካላስገደደ በቀር፤ በድንገት አጥብቆ አለመያዝ መልካም ነው።

ለዚህ ሥራ የወገራ ደጋ የተመቸ ነው። ጎንደር የተጠገነ መኪና ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሳይደርስ ማሟሸት ይችላል፤ ደባርቅ የተጠገነም ፊቱን ወደ ዳባት መልሶ ጥቂት ነድቶ ይመለስ። ነገር ግን ገበያተኛ፤ አህያና በግ መንገዱን በሞሉበት ሰዓት ይህን መሞከር ነውር ነው። ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፤ የፍሬኑ ጠባይ መታወቅ ያለበት በሜዳው እንጂ በገደሉ አፋፍ አይደለም።

የተሟሸ ፍሬንም ቢሆን ብቻውን ቁልቁለቱን አይችለውም። ዳገቱን በምንወጣበት ዝቅተኛ ማርሽ መውረድ፤ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ማድረግ፤ ማርሽ አውጥቶ ወይም ሞተር አጥፍቶ ፈጽሞ አለመልቀቅ ይገባል። የመቃጠል ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከላላ፤ ለጥ ያለ ቦታ ፈልጎ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው፤ በጋለው ብረት ላይ ውሃ ማፍሰስ ግን ብረቱን ይሰነጥቀዋል።

ይህን ሁሉ ሾፌሩ ያውቀው ይሆናል። በስተኋላ ተቀምጦ፤ ስብሰባ እንዳያመልጠው ሰዓቱን እያየ «ንዳው እንጂ» የሚለው ወጣት ባለሥልጣን ግን ላያውቀው ይችላል። የሸራውን መግዣ ፈርሞ የሚያጸድቅ ሰው፤ የማሟሻውንም አንድ ሰዓት አብሮ ሊያጸድቅ ይገባዋል፤ ይህ ሰዓት የጥገናው ክፍል እንጂ ብክነት አይደለምና። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ በሊማሊሞ የፈሰሰ ደም ግን አይታፈስም።