ቧንቧው ቆሞ መርጫው ሲሄድ

የዛሬው ንግግራችን ስለ መስኖ ውኃ ነው። ማንበብ የቻላችሁ ላልቻሉት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።

በባሌ ደጋ በበልግም በመኸርም ይዘራል። ዝናቡ ሲቀር ግን ስንዴው ፍሬ ሳይዝ ይደርቃል። መስኖ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው። ታዲያ ዋናው ቧንቧ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ቆሟል፤ መርጫው ደግሞ ማሳውን ሁሉ መዞር አለበት። የቆመው ለሚሄደው ውኃ እንዴት ያቀብላል?

አንደኛው መንገድ ዙሪያውን መዞር ነው። ፍራንክ ዛይባክ የተባለ አሜሪካዊ ገበሬ በ1952 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘበት መሣሪያ እንዲህ ይሠራል። ረጅሙ ክንድ በመንኮራኩር ላይ ሆኖ፣ በሬ በአውድማ እንደሚዞር ይዞራል። ውኃው የሚገባው ከመሐሉ ነው። መሐሉ ላይ ያለው መጋጠሚያ ውኃ ሳያፈስ ይሽከረከራል።

ሁለተኛው መንገድ ጎማ መጎተት ነው። በዋናው ቧንቧ ላይ በየርቀቱ የውኃ አፍ ይተከላል። አፎቹ በ100 ሜትር ቢራራቁ፣ 50 ሜትር ጎማ በቧንቧው መስመር ወዲህም ወዲያም እየተጎተተ መሐሉን ያዳርሳል። ጎማው ሲያጥር ስንዴው ይጠማል። ቀጭን ሆኖ ሲረዝም ደግሞ የውኃውን ጉልበት ይበላዋል።

ጉልበቱ ከየት ይመጣል? ከሞተር ወይም ከከፍታ ነው። ከ10 ሜትር ከፍታ በቧንቧ የወረደ ውኃ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሳንቲ ሜትር ላይ በ1 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ይገፋል። ስለዚህ ምንጩ ከማሳው በላይ ለሆነለት ገበሬ ተዳፋቱ ራሱ ሞተር ነው ማለት ነው።

ይህ ጉልበት ግን ሰው ይጎዳል። ጎማውን ከመንቀላችሁ በፊት ቫልቩን ዝጉ፤ ውኃው ተንጠፍጥፎ ይውጣ። ውኃ እንደያዘ የተነቀለ ጎማ እንደ ጅራፍ ይመታል። ስትከፍቱም ቀስ በቀስ ይሁን። ባንድ ጊዜ ከተከፈተ፣ ውኃው ቧንቧውን መትቶ ሊሰነጥቀው ይችላል።

በመጨረሻም፣ ተራ ያዙ። በአንድ ቧንቧ ላይ ሁሉም አፍ አብሮ ከተከፈተ ጉልበቱ ይደክማል፤ መርጫው መርጨቱን ትቶ ያንጠባጥባል። ሁሉም ከፍቶ ማንም አላጠጣም ማለት ነው። ደግሞም የዌብ ወንዝ በሶፍ ዑመር ዋሻ አልፎ ወደ ቆላ ይወርዳል። እዚያም ሰውና ከብት ይጠብቁታል።

እነዚህን ቃላት ጽፋችሁ ተለማመዱ፦ ቧንቧ፣ ጎማ፣ መርጫ፣ ቫልቭ፣ ተራ።

ደኅና ሁኑ!